ከአኖ የመጣው ግልባጭ

ልብስ ሰፊው ገብረክርስቶስ ኩርፊያ የሚያውቅ ሰው ነው። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ቢብስበት በሩን ደርግሞ ይወጣል፤ ከዚያ ይበርድለትና ይረሳዋል። ገብረክርስቶስ ግን ዝም ነው። ዝም ብሎ ይበላል፣ ዝም ብሎ ይተኛል፣ የግድ የሚናገረው ነገር ሲኖረው ደግሞ ለሚስቱ ሳይሆን ለስፌት መኪናው ይነግራታል። «መኪናዬ፣ ዛሬ በዚህ ቤት ምሳ የለም መሰለኝ» ይላታል፣ ሸዋጌጥ አጠገቡ ቆማ እየሰማች። ሸዋጌጥ ምሳውን ታቀርባለች። እሱም መኪናዋን ያመሰግናል።

ይህን ጠባዩን ነቀምት ገበያ አካባቢ የማያውቅ የለም። የቤታቸው የፊት ክፍል የሱ ሱቅ ናት፤ ሸዋጌጥ ደግሞ እዚያው ደጃፍ ላይ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ስለዚህ ሁለቱ የተኳረፉ ቀን ደንበኛው ሁሉ መልእክተኛ ይሆናል። «እስቲ መቀሱን አቀብይው በላት።» «እጁ ላይ ነው በለው።» ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው አስታርቆ የሚሄድበት ጊዜ ነበር፤ አንዳንዱም ሱሪውን ረስቶ ይሄዳል።

ዘንድሮ ግን ሰላም ነበሩ። ሰላም ብቻም አይደለም፣ ሊቆርቡ ነበር። አንዲት ልጃቸው እምነት ነርስ ሆና ራሷን ችላለች፤ እነሱም ስድሳን ተሻግረዋል። ሸዋጌጥ አንድ ቀን ሚዛኗን አስቀምጣ «ከእንግዲህ ምን እንጠብቃለን? ለምን አንቆርብም?» አለችው። ገብረክርስቶስም «እሺ» አለ። ለራሷ ነው እሺ ያላት፣ በመኪናዋ በኩል አልነበረም።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ቂርቆስ ደስታቸውን አልቻሉትም። «እሰየው ልጆቼ! ፋሲካ እንዳለፈ እናደርገዋለን» አሉ። «ብቻ ከቀበሌ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን አምጡልኝ።» ወረቀት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። እነሱ በተጋቡበት ዘመን ጋብቻ የሚመዘገበው በጎረቤት ጆሮ ነበር። ስለዚህ ለመመዝገብ ተያይዘው ቀበሌ ሄዱ።

የወሳኝ ኩነት ሠራተኛው ትሑት ሰው ነው። ስም ጠየቀ፣ ዕድሜ ጠየቀ፣ ከዚያ ቀና ሳይል «ከዚህ በፊት ፍቺ ፈጽማችኋል?» አለ።

ገብረክርስቶስ «በጭራሽ!» ሊል አፉን ሲከፍት ሸዋጌጥ ቀደመችው። ለመቁረብ የተዘጋጀ ሰው አይዋሽም ብላ ነው።

«አንድ ጊዜ አኖ ከተማ ስንኖር ፍርድ ቤት ሄደን ነበር» አለች። «ከዚያ ሽማግሌ አስታረቀን፤ በዚያው ቀረ።»

ሠራተኛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በዚያው መቅረቱን የሚያሳይ ማስረጃ ከፍርድ ቤት አለ?»

«ኧረ ሽማግሌው ራሳቸው አሉ! ኦቦ ዋቅወያ፣ በሕይወት፣ አኖ!»

«በሕይወት መኖራቸው ጥሩ ነው፣ እናቴ። እኔ የምፈልገው ግን ማኅተም ያለበት ነገር ነው።»

የአኖው ነገር እንዲህ ነበር። እምነት ገና ዳዴ የምትል ልጅ ሳለች፣ ሸዋጌጥ የወንድሟን ተዝካር ልታወጣ ጎጃም ሄደችና ካለችው ቀን ዘግይታ ተመለሰች። ገብረክርስቶስ አኮረፈ። ሐምሌን አኮረፈ፣ ነሐሴን አኮረፈ፣ ዘመን ሲለወጥ «እንኳን አደረሰሽ» ያለው መኪናዋን ነው። ይህን ጊዜ ሸዋጌጥ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ልጇን አዝላ፣ ወረዳው ፍርድ ቤት ሄደችና የፍቺ አቤቱታ አስገባች።

ዳኛው ደግ ሰው ስለነበሩ ታረቁ ብለው ጊዜ ሰጧቸው። ጊዜው አለቀ፤ ኩርፊያው አላለቀም። በቀጠሮው ቀን ዳኛው ወደ ገብረክርስቶስ ዞረው «ባለቤትህ መፋታት እፈልጋለሁ ትላለች። አንተ ምን ትላለህ?» ሲሉ ጠየቁት። ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ቀን መናገር ቢኖርበት ያ ቀን ነበር። ሸዋጌጥ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። ገብረክርስቶስ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «እንደወደደች» አለ። ዳኛውም መስማማቱ ነው ብለው ፍቺውን ወሰኑ፤ ንብረታቸውን ሽማግሌዎች እንዲያከፋፍሉና ውጤቱን ለፍርድ ቤቱ እንዲያቀርቡም አዘዙ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኦቦ ዋቅወያ ነበሩ። ጓሮ ማንጎው ሥር ተቀመጡና ከመኪናዋ ጀመሩ። የስፌት መኪናዋ ለማን ትሁን? ሸዋጌጥ «ለሱ ትሁን፣ ያለሷ ምን ሠርቶ ይበላል?» አለች። ገብረክርስቶስ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ «ለሷ ትሁን በሏት፣ አከራይታ ልጇን ታሳድግባት» አለ። አልጋውስ? «ለሱ፣ ወገቡን ያመዋል።» ብርድ ልብሱስ? «ለሷ በሏት፣ ብርድ አይስማማትም።» እንዲህ ሲባባሉ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ኦቦ ዋቅወያ በመጨረሻ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱና «እኛ ንብረት ልናከፋፍል መጣን፣ እናንተ አንዳችሁም አልወስድም አላችሁ! ምን ዓይነት ፍቺ ነው ይሄ? በሉ ተነሡ ተሳሳሙ!» ብለው ጮኹ። ተሳሳሙ። በግ ታረደ። ዕርቁን ጎረቤቱ ሰማ፣ ገበያው ሰማ፣ ደብሩ ሰማ። ፍርድ ቤቱ ብቻ ከበጉ ስላልቀመሰ አልሰማም። ሽማግሌ ካስታረቀ ወዲያ ዳኛ ዘንድ ሄዶ መናገር ለማንም ትዝ አላለውም፤ ገብረክርስቶስም ያ ውሳኔ የዕርቁ ቀን አብሮ የታረደ ይመስለው ነበር።

ስለዚህ ከቀበሌው ሲወጡ ደረቱን ነፍቶ «ወረቀት ነው እኮ፣ ነገ ይዤልሽ ከች እላለሁ» አላት።

በነጋታው ነቀምት ካለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተገኘ። በር ላይ ፈትሸው የልብስ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ አስወለቁትና ወደ መረጃ መስኮት ላኩት። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ሮቤራ ይባላል።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ አባባ? ምን ልርዳዎት?»

«ነጋ፣ ደህና፣ የኔ ልጅ። መዝገብ ተዘግቷል የሚል ወረቀት ፈልጌ ነው።»

«መዝገቡ የት ነው የተከፈተው?»

«አኖ፣ ወረዳው።»

«እና ይግባኝ ሊሉ ነው?»

«በማን ላይ? እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም!»

ሮቤራ ፈገግ አለ። «አባባ፣ ይሄ ከፍተኛው ነው። ወረዳው የወሰነው ያልተስማማው ሰው ወደኛ ይመጣል፤ እኛ የወሰንነው ያልተስማማው ደግሞ ወደ ጠቅላዩ ይሄዳል። አኖ የተከፈተ መዝገብ የሚገኘው እዚያው አኖ ነው። መኪና ሳይሞላ ይድረሱ።»

ገብረክርስቶስ ፍርድ ቤት እንደ ባንክ ይመስለው ነበር፤ አንዱ ቅርንጫፍ ያስገቡትን ሌላው ጋ የሚያወጡት። ሜትሩን መልሶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ትንሽ ቅር ብሎት፣ አኖ ሄደ።

አኖ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ማመልከቻ ጸሐፊው ነመራ ኮምፒውተሩን ዘርግቶ ጃንጥላ ሥር ተቀምጧል። ገብረክርስቶስ አጠገቡ ተመቻችቶ ተቀመጠና ከሥሩ ጀመረ። «እንግዲህ ነገሩ የተነሣው በክረምት ነው። ተዝካሩ የወንድሟ ነው፣ እሱን አልቃወምም። ግን እመጣለሁ ያለችው በመድኃኔ ዓለም ነበር…»

«ኦቦ፣ ማሎ፣ እባክዎን!» አለ ነመራ። «ይሄ ማመልከቻ ነው፣ ገድል አይደለም። የርስዎ ስም፣ የሷ ስም፣ የጉዳዩ ዓይነት፣ ዓመቱ፣ የሚፈልጉት ነገር። አለቀ።»

«ስለ መዘግየቷ ምንም አይገባም?»

«ምንም አይገባም።»

«አንድ መስመር እንኳ?»

ነመራ አተመና አስፈረመው።

መዝገብ ቤቱ የሎሚ ግዛት ነው። ሎሚ ፊቷን ቋጠር ያደረገች፣ እጇ ግን ደግ የሆነች ሴት ናት። ማመልከቻውን አየችና «የመዝገብ ቁጥር የለዎትም?» አለች።

«የለኝም።»

«ዓመቱም ባዶ ነው። ቁጥር ከሌለ በዓመትና በተከራካሪ ስም ነው የምንፈልገው። በየትኛው ዓመት ነው?»

«እምነት ኩፍኝ የታመመችበት ዓመት ነው።»

ሎሚ አልሳቀችም። እዚያ መስኮት ላይ ከዚህ የባሰ ሰምታለች። «ሌላስ በዚያ ዓመት ምን ሆኖ ነበር?»

ገብረክርስቶስ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «የዳዲ በሬ… አዎ! የዳዲ በሬ የጎረቤቱን አጥር ጥሶ ገብቶ ለሠርግ የተጠመቀ ጠላ ጠጥቶ የሰከረበት ዓመት ነው!»

«እንደሱ አይሉም?» አለች ሎሚ። «ዳዲ እኮ ተከሶበታል፤ ፋይሉ አለ። ከዚያ አጠገብ ነው የሚሆነው ማለት ነው። ከሰዓት ይመለሱ፣ መታወቂያዎን ይዘው።»

ከሰዓት ሲመለስ አቧራው የተራገፈ ፋይል መስኮቱ ላይ ጠበቀው። ከኋላው ተሰልፎ የነበረ ሰው ለማየት አንገቱን አሰገገ። ሎሚ ፋይሉን በእጇ ከለለችው። «ችሎት ለሁሉም ክፍት ነው፣ የቤተሰብ መዝገብ ግን ለባለጉዳዩ ብቻ ነው» ብላ ሰውዬውን ገሠጸችና ወደ ገብረክርስቶስ ዞረች። «እዚሁ ተቀምጠው ያዩታል፤ ይዘው መውጣት አይቻልም። ግልባጭ ከፈለጉ ሬጅስትራሩ ፈርሞ ማኅተም ያደርግበታል።»

«መነጽሬን ረስቼ ነው። አንቺው መጨረሻውን ንገሪኝ።»

ሎሚ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። «ውጤቱ ስላልቀረበ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሷል ይላል።»

«እሰይ!» አለ ገብረክርስቶስ፣ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። «ተዘግቷል! በቃ እሱን ጻፊልኝ!»

«ተዘግቷል፣ አባባ። የተዘጋው ግን ተፋታችሁ ነው።»

«እንዴት ተፋታችሁ? ሽማግሌ አስታርቆናል!»

«መቼ?»

«ያኔውኑ! ሳምንት ሳይሞላ!»

«ለፍርድ ቤቱስ ማን ነገረው?»

ገብረክርስቶስ በጉን አስታወሰ፣ ጭፈራውን አስታወሰ፣ ኦቦ ዋቅወያን አስታወሰ። ወደ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ግን ማስታወስ አልቻለም።

«ታዲያ ይሰረዝልን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የጸና ውሳኔ አይሰረዝም። ግን አይጨነቁ፣ መፍትሔው ቀላል ነው። ሄዳችሁ እንደገና ትጋባላችሁ።»

«እስከ ዛሬስ ምን ነበርን?»

ሎሚ ትንሽ አመነታች። «ሕጉ እንደናንተ ያሉትን… ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ይላቸዋል።»

ገብረክርስቶስ ማን ሰማ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ! እሱ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ ጾም ገድፎ የማያውቅ፣ የጎረቤት ልጅ ፀጉሯን ብታሳጥር የሚያወግዝ ሰው! አንገቱን ደፍቶ ሰላምታ የሰጠው ሰው እንኳ ነገሩን የሰማ መሰለው። ግልባጩን ተቀብሎ አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወደ መናኸሪያው ገሠገሠ።

አውቶቡስ ላይ ነው ነገሩ ቀስ ብሎ የገባው። ሎሚ ቀላል ነው ያለችው ነገር ቀላል አልነበረም። እንደገና ለመጋባት እንደገና መጠየቅ አለበት። ያኔ አባቱ አባቷን ጠየቁ፣ አባቷም እሺ አሉ፤ እሱም እሷም አፍ አልነበራቸውም። እሱ በዕድሜው እሷን በገዛ አፉ ምንም ነገር ጠይቆ አያውቅም። ሸዋጌጥ ደግሞ አሁን፣ በወረቀት፣ በማኅተም፣ የፈለገችውን ማለት የምትችል ሴት ናት። እምቢ ብትልስ? ገብረክርስቶስ ያን ያህል ዘመን አብሯት ኖሮ ትሄዳለች ብሎ ፈርቶ አያውቅም ነበር። አሁን ፈራ።

ቤት ሲደርስ ሸዋጌጥ በርበሬዋን እየሸፋፈነች ነበር። «አገኘህ?» አለችው። እሱ ቀጥ ብሎ ወደ መኪናው ሄዶ ተቀመጠ።

«መኪናዬ» አለ ጎማዋን እየነካካ። «ጉድ ሆነናል። ለካስ በዚህ ቤት የተጋባ ሰው የለም።»

ሸዋጌጥ ከነሚዛኗ ገባች። እምነትም ከሥራ ተመልሳ ነበርና ግልባጩን ተቀብላ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየመለሰች ለእናቷ አነበበችላት። ፍቺው ጸንቷል የሚለው ላይ ስትደርስ መሳቅ ጀመረች፤ ስቃ ስቃ ዕንባዋን እየጠረገች ወደ ላይኛው መስመር ተመለሰችና ሳቋን አቋርጣ ማንበብ ጀመረች።

«ተጠሪው ምን እንደሚል ሲጠየቅ…»

«ተዪው» አለች ሸዋጌጥ። «እሱን አውቀዋለሁ። እንደወደደች ነው ያለው።»

ሸዋጌጥ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ገብረክርስቶስን እንደ እንግዳ አየችውና «በሉ እንግዲህ ጌታዬ፣ መሽቷል፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አለችው።

«ጌታዬ? የቱ ቤቴ?»

«እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። እኔ ባል የሌለኝ ሴት ነኝ፤ ደግሞም ልቆርብ ነው። የማላውቀው ወንድ ቤቴ አያድርም። ቀን ቀን ሱቁ ውስጥ መስፋት ይችላሉ፣ ገበያ ለሁሉም ነው።»

ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ጓዳ ገብታ ብርድ ልብሱን አውጥታ እጁ ላይ ስታስቀምጥለት ግን ፈገግታው ጠፋ። «ይሄን ይያዙ፣ ብርድ ነው» አለችው።

ገብረክርስቶስ ብርድ ልብሱን ታቅፎ የሄደው ጎረቤቱ ተረፋ ዘንድ ነው። ተረፋ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጴንጤ ቢሆንም ገብረክርስቶስ ከጓደኛ ሁሉ የሚያምነው እሱን ነው። ታሪኩን ሰምቶ «ያ ዋቅ!» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሚስቱን ጠርቶ እንደገና አስተረከውና እንደገና ሳቀ። ከዚያ ግን ኮስተር አለ።

«እና ለምን ራስህ አትጠይቃትም?»

«ምን ብዬ?»

«አግቢኝ ብለህ ነዋ!»

ገብረክርስቶስ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚሆነው» አለ። «ለኦቦ ዋቅወያ ደውልልኝ። ሥራቸውን ጨርሰው አልሄዱም በላቸው።»

ኦቦ ዋቅወያ እሑድ እመጣለሁ አሉ፤ እስከዚያ ያለው ጊዜ ለገበያው ሠርግ፣ ለገብረክርስቶስ መከራ ሆነ። «አያ ገብሬ፣ ሙሽራው!» ይሉታል ሲያልፍ። ሸዋጌጥ ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ሳህን ይዛ ትገባና እሱን ትታ መኪናዋን ታናግራታለች።

«መኪናዬ፣ ይሄ ሰውዬ ቁርስ ቀምሷል?»

«አልቀመስኩም» ይላል ገብረክርስቶስ።

«እርስዎን ማን ጠየቀ? እኔ የጠየቅኋት እሷን ነው።»

ሳህኑን መኪናዋ አጠገብ አስቀምጣ ትወጣለች። ገብረክርስቶስ መኪናዋን እያየ ይበላል። ያን ሁሉ ዓመት እሷ ስትሰማው የነበረው ነገር ይሄ ነው ማለት ነው? እንዲህ ያማል? ማንን ይጠይቅ፤ መኪናዋ አትመልስም።

እሑድ ጠዋት ኦቦ ዋቅወያ ጋቢያቸውን ደርበው ከአኖ መጡ። አርጅተዋል፤ ዱላቸው ግን ያችው ናት። ተረፋን አስከትለው ሸዋጌጥ በር ላይ ደረሱና እንደ ወጉ ቆሙ። ገብረክርስቶስ ሙሉ ልብሱን ለብሶ አጥሩ ሥር ተሸሽጓል።

በሩን የከፈተችው እምነት ናት። ከፍታም ተመልሳ በአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ የሙሽሪት ወገን ሆናለች። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች ተኮሳትራ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ዋቅወያ፣ ገብተው እንደቆሙ። «አዴ ሸዋጌጥን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

«ልጃችሁ ዕድሜው ስንት ነው?»

«ኤዬ… ትንሽ በሰል ያለ ነው።»

«ሥራውስ?»

«ልብስ ሰፊ። እጁ የተባረከ።»

«ጠባዩስ? ያኮርፋል የሚባል ወሬ ሰምተናል።»

ኦቦ ዋቅወያ ተረፋን አዩት። ተረፋ በእምነቱ ሐሰት አይናገርም፤ ጣሪያውን አየ። «ያኮርፋል» አሉ ኦቦ ዋቅወያ በመጨረሻ። «ግን ሲያኮርፍም ብርድ ልብሱን ለሷ ይላል። ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ይሄን ጊዜ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ሸዋጌጥ ወጣች። የክት ቀሚሷን ለብሳለች፣ ዓይኗ ግን ለቀልድ አልነበረም።

«አባቴ ኦቦ ዋቅወያ፣ ስለመጡ ያክብርልኝ» አለች። «ግን መጀመሪያ ስዳር የጠየቀኝ የለም። አባቴ ሰጠኝ፣ ሄድኩ። ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የአኖው ዳኛ ብቻ ነው። አሁን የሚፈልገኝ ካለ ሽማግሌ አይላክ፤ ራሱ ይምጣ።»

«ገብሬ!» ብለው ጮኹ ኦቦ ዋቅወያ፣ ወደ ውጭ ሳይዞሩ። «ከአጥሩ ሥር ውጣ!»

ገብረክርስቶስ ጉልበቱ ላይ ሣር ተጣብቆበት ገባ። ሁሉም አየው። ዓይኑ እንደ ልማዱ ወደ መኪናዋ ሄደ፤ ቦታዋ ባዶ ነበር።

«ጓዳ አስገብቻታለሁ» አለች ሸዋጌጥ። «ዛሬ እሷ የለችም።»

እጁን የሚያሳርፍበት አጣ። ሸዋጌጥ ቀረብ አለችው፣ ቀጥ ብላ ቆመችና፣ ዳኛው በጠየቁበት ድምፅ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ባለቤትህ መፋታት እፈልጋለሁ ትላለች። አንተ ምን ትላለህ?»

እምነት ከአባቷ ወንበር ተነሣች። ገብረክርስቶስ ጣሪያውን ሊያይ ቀና አለ፤ መሐል ላይ ግን ዓይኑ የሸዋጌጥን ዓይን አገኘውና እዚያው ቀረ። ያኔ አኖ ችሎት ውስጥ አንገቷን ደፍታ ስትጠብቅ እንዲህ ነበር የምታየው? አላወቀም፤ አላያትም ነበር።

«አልስማማም» አለ።

«ጮክ በል። ችሎቱ አልሰማም።»

«አልስማማም!» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «አልፈልግም! ያኔም አልፈለግኩም። አትሂጂብኝ፣ ሸዋ።»

ሸዋጌጥ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያያት ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ኦቦ ዋቅወያ ራሳቸው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «ያኔ ዳኛው ፊት ይቺን ብትል ኖሮ፣ ሰውዬ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አውቶቡስ ላይ እንገላታ ነበር?» ብለው አጉረመረሙ። «ነገ ቀበሌ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ማኅተሙ ሲመታ በዓይኔ ሳላይ ምግብ የሚባል ነገር አልቀምስም። በበግ አንድ ጊዜ ተታልያለሁ።»

ሸዋጌጥ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። ጉልበቱ ላይ የተጣበቀውን ሣር አየችና ጎንበስ ብላ አራገፈችለት።

«ሂድ፣ ተረፋ ቤት ያለውን ብርድ ልብስ ይዘህ ና» አለችው። ከዚያ ሌላው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ እኮ ያኔ ፍርድ ቤት የሄድኩት ይህን ቃል ልሰማ ነበር» አለች።